ኢዛር፦ ውኃው፣ ጠጠሩና ቦታው የተወሰደበት የአልፕስ ወንዝ

በሐምሌ ሙቀት በጀርመኗ ሙኒክ ከተማ ውስጥ ኢዛር ወንዝ ዳር መቀመጫ ማግኘት ይከብዳል። ሰዉ ነጭ ጠጠር ላይ ፎጣ ዘርግቶ ይተኛል። ልጆች ውኃው ውስጥ ይንቦጫረቃሉ። ውኃው ወደ አረንጓዴ ይወስደዋል፤ ሲነኩትም ይቀዘቅዛል፤ ከተራራ የወረደ መሆኑ ያስታውቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ሰው ከጥንት ጀምሮ እንዲህ የነበረ ይመስለዋል።

አልነበረም። ይሄው ቦታ እስከ 2000 ድረስ ቀጥ ያለ ቦይ ነበር (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ግራና ቀኙ ተጠናክሮ ታጥሯል። አብዛኛው ውኃ ደግሞ ከተማው ሳይደርስ በጎን ቦይ ተጠልፎ ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ይሄዳል። ለዋናው ወንዝ የሚቀርለት በሰከንድ 5 ሜትር ኩብ ያህል ነበር።

ይህንን ወንዝ ለጉዳይ ጥናት የመረጥኩት ታሪኩ የተሟላ ስለሆነ ነው። ከተማ ወልዷል፣ እንጨት አጓጉዟል፣ ባቡር አንቀሳቅሷል፣ ሰው ገድሏል፣ ደርቋል፣ በከፊልም ድኗል። እኔ እንደሚገባኝ የተራራ ወንዝ ለመኖር ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ውኃ፣ ጠጠርና የሚንቀሳቀስበት ቦታ። ኢዛር ላይ የተሠራው ትልልቅ ሥራ ሁሉ ከነዚህ አንዱን፣ አንዳንዴም ሁለቱን ወስዶበታል። ሙኒክ ላይ የተመለሰለት ቦታውና ከውኃው ጥቂቱ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን በቂ ነው ብሎ ማለፍ ልክ አይመስለኝም።

ከየት ወዴት

ኢዛር የሚነሳው ኦስትሪያ ውስጥ፣ በቲሮል ክልል ነው። ካርቬንደል የሚባል የኖራ ድንጋይ ተራራ ሰንሰለት አለ። በዚያ መሃል ሂንተራውታል ከተባለ ሸለቆ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,160 ሜትር ገደማ ላይ ይፈልቃል። ሻርኒትስ የምትባለውን የድንበር መንደር አልፎ ጀርመን ይገባና ሚተንቫልድ ይደርሳል። ከዚያ በባድ ቶልስ፣ በቮልፍራትስሃውዘን፣ በሙኒክ፣ በፍራይዚንግና በላንድስሁት አድርጎ ደገንዶርፍ አጠገብ ዳኑብ ውስጥ ይገባል። ጉዞው 295 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ውኃ የሚሰበስብበት መሬት ደግሞ ወደ 9,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በርዝመቱ ከተመዘነ ትልቅ ወንዝ አይባልም።

ባሕርዩን ለመረዳት በረዶውን ማወቅ ያስፈልጋል። የእኛ አባይ የሚሞላው በክረምት ዝናብ፣ በነሐሴ አካባቢ ነው። ኢዛር ግን የላይኛው ክፍሉ የሚሞላው ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ሰኔ፣ ተራራው ላይ የተከማቸው በረዶ ሲቀልጥ ነው። በታኅሣሥና በጥር ደግሞ ይቀጥናል፤ የሚወርደው ሁሉ በረዶ ሆኖ ላይ ይቀራልና። ይህ ብቻ ቢሆን ወንዙ ገር በሆነ ነበር። ችግሩ ከሜዲትራኒያን የሚነሳ እርጥብ አየር ዞሮ መጥቶ ከአልፕስ ጋር ሲላተም ነው። ያን ጊዜ በሁለት ቀን ውስጥ የሚወርደው ዝናብ ወንዙን በብዙ እጥፍ ያሳድገዋል። ትልልቆቹ ጎርፎች የመጡት በአብዛኛው እንዲህ ነው።

ጎርፉ ብቻውን አይመጣም። ካርቬንደል ላይ ድንጋዩን ብርድ ይሰነጥቀዋል፣ ጅረት ይጠርገዋል። ወንዙ በየዓመቱ ነጭ የኖራ ጠጠር ይገፋል። ሸለቆው ሰፋ ባለበት ቦታ ጠጠሩን ይጥለውና በራሱ ክምር መሃል በብዙ ቀጫጭን ጅረቶች ተከፋፍሎ ይፈሳል። በሚቀጥለው ጎርፍ ጅረቶቹ ቦታ ይቀይራሉ። ትናንት ደሴት የነበረው ዛሬ ውኃ ይሆናል።

ሰው ይህንን ሲያይ ጠፍ መሬት ይመስለዋል። ለአንዳንድ ፍጥረታት ግን ሌላ ቤት የላቸውም። የጀርመን ታማሪስክ የሚባለው ቁጥቋጦ ዘሩ የሚበቅለው ጎርፍ ጠርጎ ባራቆተው እርጥብ ጠጠርና አሸዋ ላይ ነው። ጠጠር ላይ እንቁላል የሚጥሉ ትንንሽ ወፎችም አሉ። ጎርፍ ካልመጣ ጠጠሩን ሣርና ዛፍ ይወርሰዋል፤ እነሱም ይጠፋሉ። ስለዚህ አንድን የአልፕስ ወንዝ ማረጋጋት ማለት እነዚህን ማጥፋት ማለት ነው።

ድልድይ፣ ጨው፣ ግንድ

የሙኒክ ልደት የሚቆጠረው ከ1158 ነው። ያን ጊዜ ከአልፕስ ወደ ሰሜን የሚሄደው የጨው ንግድ ኢዛርን የሚሻገረው ፎሪንግ ላይ፣ በፍራይዚንግ ጳጳስ ድልድይ ነበር። ቀረጡም የጳጳሱ ነው። ሙኒክ ያለችበት የባቫሪያ ግዛት መስፍን አንበሳው ሄንሪ ያንን ድልድይ አፈረሰና ትንሽ ወደ ላይ የራሱን ሠራ። ክርክሩ ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ባርባሮሳ ዘንድ ደረሰ። ሰኔ 14 ቀን 1158 የተሰጠው ውሳኔ ገበያው አዲሱ ቦታ ላይ እንዲቆይ፣ ጳጳሱም ከገቢው ድርሻ እንዲያገኝ የሚል ነበር። ዛሬ ከሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት ከተማ የተነሳችው ከዚህ የቀረጥ ጠብ ነው።

ከድልድዩ ቀጥሎ ትልቁ ጥቅም ግንድ ማጓጓዝ ነበር። የላይኛው ሸለቆ ሰዎች ግንድ ከግንድ አስረው ተንሳፋፊ መድረክ ይሠራሉ። በላዩ ላይ ኖራ፣ ከሰል፣ ድንጋይ፣ የጣሊያን ሸቀጥ ይጭናሉ። ከ1487 እስከ 1679 የቦልዛኖ ገበያ ወደ ሚተንቫልድ ተዛውሮ ስለነበር የቬኒስ ነጋዴዎች ዕቃ በኢዛር ይወርድ ነበር። ሙኒክ ሲደርስ ዕቃው ይራገፋል፤ መድረኩም ይፈታና እንጨቱ ለግንባታ ይሸጣል። ወደ ላይ መቅዘፍ ስለማይቻል ሰዎቹ መጥረቢያቸውን ይዘው በእግራቸው ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። የከተማዋ ቤቶች እንጨትና ኖራ በብዛት የመጣው እንዲህ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዓመት በሺዎች የሚቆጠሩ መድረኮች ሙኒክ ይደርሱ ነበር። ባቡር ሲመጣ ሥራው ቀረ። አሁን የሚሄዱት በሞቃት ወራት ከቮልፍራትስሃውዘን ተነስተው ሙኒክ የሚደርሱ፣ ሙዚቃና ቢራ የያዙ የመዝናኛ ጉዞዎች ናቸው። ሙያው ራሱ ግን በ2022 ዩኔስኮ ስድስት የአውሮፓ አገሮች በጋራ ባቀረቡት ጥያቄ በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል።

ይህ አጠቃቀም ከወንዙ የወሰደው ጥቂት ነው። ወንዙ እንደ ወንዝ እየፈሰሰ፣ ሰው በላዩ ላይ ይሄዳል። ቀጥሎ የመጣው ግን ሌላ ነው።

ወንዙን ማሰር

ሙኒክ ላይ ወንዙን በቀጥታ መስመር የማስያዝ ሥራ የተጀመረው በ1806 ነው። ምክንያቱን መረዳት አይከብድም። በመስከረም 1813 ኢዛር ሞልቶ ሳለ ሰዉ ድልድይ ላይ ቆሞ ጎርፉን ይመለከት ነበር። ድልድዩ ተደረመሰ። 100 ያህል ሰው አለቀ። በ1899 ደግሞ ሌላ ትልቅ ጎርፍ መጥቶ ሁለት ድልድዮችን ይዞ ሄደ። ወንዝ ዳር ከተማ ላለው ሕዝብ ከዚህ በኋላ ስለ ቁጥቋጦና ስለ ወፍ ማውራት ቅንጦት ነው የሚመስለው። ስለዚህ ዳርና ዳሩ ተጠናከረ፤ ወንዙም ጠበበ።

የጠበበ ወንዝ ይፈጥናል። የፈጠነ ወንዝ ደግሞ ወለሉን ይቆፍራል። መሐንዲሶቹ ቁፋሮውን ለማስቆም ወንዙን የሚያቋርጡ የኮንክሪት ደረጃዎች ሠሩ። ደረጃዎቹ ቁፋሮውን ያዙት፤ ዓሣውንም ጭምር። ወደ ላይ ወጥቶ እንቁላል የሚጥል ዓሣ መተላለፊያ አጣ።

ባቡርና ቫልኸንዜ

ወንዙን በጣም የጎዳው ግን ኤሌክትሪክ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን ስል ኤሌክትሪክ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ባቫሪያ የድንጋይ ከሰል በብዛት የላትም። ከሩቅ ማምጣት ነበረባት። ተራራ ላይ የሚወርድ ውኃ እያላት ከሰል መግዛቱ መሐንዲሶቿን አሳሰባቸው።

ከሙኒክ ደቡብ፣ ሆልሪግልስክሮይት ላይ ማመንጫ የተሠራው ገና በ1894 ነው። የሸለቆው መበላሸት ያሳሰበው አርክቴክት ጋብሪኤል ፎን ዛይድል በ1902 የኢዛር ሸለቆ ማኅበርን አቋቋመ። ማኅበሩ ወንዝ ዳር መሬት እየገዛ ከግንባታ ማዳን ጀመረ፤ እስካሁንም አለ። ትልቁን ሥራ ግን ማስቆም አልቻለም።

ትልቁ ሥራ የኦስካር ፎን ሚለር ነው። ሙኒክ ውስጥ በወንዙ ደሴት ላይ ያለውን ዝነኛውን የቴክኖሎጂ ሙዚየም የመሠረተው እሱ ነው። ያች ደሴት ቀድሞ ግንድና ከሰል የሚራገፍባት ወደብ ነበረች። ሚለር ያየው ነገር ቀላል ነበር። ቫልኸንዜና ኮኸልዜ የሚባሉ ሁለት ሐይቆች ጎን ለጎን አሉ። አንዱ 800 ሜትር፣ ሌላው 600 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። በመሃላቸው ያለው አንድ ተራራ ብቻ ነው። ተራራውን በስተህ ውኃውን ብታወርደው 200 ሜትር ነጻ ውድቀት ታገኛለህ። የጎደለው በቂ ውኃ ብቻ ነበር፤ ቫልኸንዜ የራሱ ገባሮች ትንንሽ ናቸውና። ኢዛር ደግሞ በቅርብ ያልፋል።

ክሩን በምትባል መንደር ላይ የጠለፋ ግድብ ተሠራ። ውኃው በቦይና በዋሻ ወደ ቫልኸንዜ፣ ከዚያ በስድስት ወፋፍራም ቧንቧዎች ወደ ኮኸልዜ፣ ከዚያም በሎይዛኽ ወንዝ አድርጎ ቮልፍራትስሃውዘን ላይ ወደ ኢዛር ይመለሳል። ማመንጫው በ1924 ሥራ ጀመረ። በዘመኑ ከዓለም ትልልቆቹ አንዱ ነበር። ከስምንቱ ተርባይኖች አራቱ ለሕዝብ፣ አራቱ ለባቡር ያመነጫሉ። አቅሙ 124 ሜጋ ዋት ነው። ዛሬም ይሠራል። እንደ ምህንድስና አደንቀዋለሁ፤ የተፈጥሮን ከፍታ እንዲህ አድርጎ የተጠቀመ ሥራ ጥቂት ነው።

ኢዛር ላይ የደረሰው ግን ይህ ነው፦ ከክሩን በታች ያለው ሰፊ የጠጠር ሸለቆ በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ደረቅ ሆነ። ውኃ የሚያየው ጎርፍ መጥቶ ግድቡ ሊይዘው ሲያቅተው ብቻ ነው። ይህ ለአንድ ወቅት አይደለም፤ ከ60 ዓመት በላይ እንዲሁ ቆየ።

በዚህም አላበቃም። ኦስትሪያ ውስጥ ያለው የአኸንዜ ሐይቅ በተፈጥሮው ውኃው ወደ ሰሜን፣ ወደ ኢዛር ነበር የሚወርደው። በ1927 ለማመንጫ ተብሎ ወደ ደቡብ፣ ወደ ኢን ወንዝ ተቀለበሰ። በ1950 አካባቢ ደግሞ ሪስባኽ የተባለው ትልቅ ገባር ወደ ቫልኸንዜ ተወሰደ። እያንዳንዱ ውሳኔ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው። ተደምረው ግን ባድ ቶልስ ከተማ በብርድ ወራት የሚፈሰው ውኃ አጠራት። የፍሳሿን ቆሻሻ የሚያቀጥን ውኃ ሳይቀር ጠፋ።

ዚልቨንሽታይን

መፍትሔ ሆኖ የመጣው ሌላ ግድብ ነው። ከ1954 እስከ 1959 ዚልቨንሽታይን በሚባል ጠባብ ገደል ላይ 41 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ተሠራ። ፋል የምትባለው ትንሽ መንደር በሐይቁ ተዋጠች። ነዋሪዎቿ ከፍ ብሎ ወደተሠራላቸው አዲስ መንደር ተዛወሩ።

የዚህ ግድብ ዓላማ እንደ ቫልኸንዜ አይደለም። ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ዋና ሥራው ግን በድርቅ ጊዜ ውኃ መልቀቅና በጎርፍ ጊዜ ውኃ መያዝ ነው። በ1990ዎቹ በ3 ሜትር ከፍ እንዲል ተወሰነና ሐይቁ የሚይዘው ከ104 ወደ 124 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አደገ። ጥቅሙ በ1999 እና በ2005 ታየ። ሁለቱም ጊዜ ከባድ ጎርፍ መጣ። ግድቡ የጎርፉን አናት ባይቆርጠው ኖሮ ባድ ቶልስና ሙኒክ ላይ የሚደርሰው ጉዳት እጅግ የከፋ ይሆን ነበር። ይህንን ግድብ አፍርሱ የሚል ሰው ካለ የነዚያን ቀናት ካርታ እንዲያይ እመክራለሁ።

ዋጋው የተከፈለው በጠጠር ነው። ሐይቅ ውስጥ የገባ ወንዝ ጉልበቱን ያጣል፤ የተሸከመውን ሁሉ እዚያው ይጥላል። ከግድቡ የሚወጣው ውኃ ንጹሕና የተራበ ነው። የጎደለውን ጭነት ለመሙላት ከታች ያለውን ወለል ይበላል። ወንዙ ወደ ታች ይሰምጣል፤ የከርሰ ምድር ውኃውም አብሮት ይወርዳል፤ ዳር ያለው ደን ይደርቃል። ፑፕሊንገር አው የሚባለውን የጠጠር ሜዳና ደን ያየ ሰው ገና ዱር ነው ይላል። ውበቱ እውነት ነው። ግን ከላይ የሚመጣለት ጠጠር ተቋርጧል። ለጊዜው የሚደረገው በሐይቁ መግቢያ የተከማቸውን ጠጠር በማሽን እየዛቁ ከግድቡ በታች ማድረስና አንዳንድ ቦታ የዳር መከላከያውን አንስቶ ወንዙ ዳሩን እንዲበላ መተው ነው። ሁለተኛው ዘዴ የተሻለ ይመስለኛል። ጭነት መኪና እንደ ወንዝ ያለማቋረጥ ሊሠራ አይችልም።

ሙኒክ የመለሰችው

በ1995 የባቫሪያ መንግሥት የውኃ መሥሪያ ቤትና የሙኒክ ከተማ ተቀምጠው የኢዛር ዕቅድን መንደፍ ጀመሩ። ምክንያቱ የአካባቢ ፍቅር ብቻ አልነበረም። የጎርፍ መከላከያው አርጅቶ ነበር፤ መታደስ ነበረበት። ብልህነቱ እዚህ ላይ ነው። ለጎርፍ መከላከያ መውጣቱ የማይቀረውን ገንዘብ ለወንዙ ቦታ ለመመለስ ተጠቀሙበት። የሰፋ ወንዝ ብዙ ጎርፍ ያሳልፋልና ሁለቱ ዓላማዎች አልተጣሉም።

ሥራው ከ2000 እስከ 2011 ፈጀ። 8 ኪሎ ሜትር ላይ 35 ሚሊዮን ዩሮ ወጣ። ወንዙ 50 ሜትር ከነበረበት እስከ 90 ሜትር ድረስ ሰፋ። የኮንክሪት ደረጃዎቹ ፈርሰው በትልልቅ ድንጋይ የተሠሩ ዘንበል ያሉ መወጣጫዎች ተተኩ፤ ዓሣው አሁን ያልፋል። ዳሩን ከመሬት በታች በተቀበረ መከላከያ አጥረው ከዚያ ወዲህ ያለውን ለወንዙ ለቀቁለት። ስለዚህ ጎርፍ በመጣ ቁጥር ጠጠሩ ቅርጹን ይቀይራል። በአሮጌው የጎርፍ መከላከያ የአፈር ክምር ላይ የነበሩ ዛፎችን ላለመቁረጥም ክምሩን ውስጥ ለውስጥ በግድግዳ አጠነከሩት። ይህን አንብቤ ደስ አለኝ፤ ዛፉን ቆርጦ መጨረስ ይቀላቸው ነበር።

መሃል ከተማ ሲደርሱ ክርክር ተነሳ። በ2003 የንድፍ ውድድር ተደረገ። አንዱ ወገን በከተማ መሃል ያለ ወንዝ ከተማ ከተማ ይምሰል፣ መስመሩ ይታይ አለ። ብዙ ነዋሪ ደግሞ እዚህም የዱር ወንዝ ነው የምንፈልገው ብሎ ተቃወመ። በመጨረሻ ሁለቱን ያስማማ ንድፍ ተሠራ። እኔ ከነዋሪው ጋር ነኝ።

የውኃው ጉዳይ ከቦታው ይልቅ ከባድ ነበር፤ የማመንጫው ገቢ ይነካልና። በስምምነት ለዋናው ወንዝ የሚለቀቀው ከ5 ወደ 12 ሜትር ኩብ በሰከንድ ገደማ ከፍ አለ። ንጽሕናውም ታሰበበት። ከሙኒክ በላይ ያሉ ከተሞች የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዎች በሞቃት ወራት ውኃቸውን በአልትራቫዮሌት ጨረር እያከሙ መልቀቅ ጀመሩ። ጀርሙ ቀነሰ። ዛሬ ሰዉ ያለ ስጋት የሚዋኘው ከላይ ያሉት ከተሞች ወጪ ስላወጡ ነው። ጎርፍ ሲመጣ ግን ማንም መግባት የለበትም፤ ጎርፍ ባይሆንም ደፍርሶ ከሮጠ መራቅ ነው።

ከሙኒክ በታች ያለው ታሪክ አጭር ነው። ውኃው እንደገና በረጅም ቦይ ተጠልፎ ተከታታይ ማመንጫዎችን ያዞራል። ላንድስሁት አጠገብ ያለው የኑክሌር ጣቢያ የሚቀዘቅዘው በኢዛር ነበር፤ የመጨረሻው ክፍል ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ተዘጋ። ወንዙ እዚያ በአብዛኛው የተከታታይ ግድቦች ኩሬ ነው። ዳኑብ ሊገባ ሲል ያለው ረግረጋማ ደን ብቻ ነው ተርፎ የተጠበቀው።

2030

ወደ ክሩን ልመለስ። ከብዙ ሙግት በኋላ በ1990 በግድቡ በኩል ለኢዛር ውኃ እንዲለቀቅ ተደረገ፤ በሞቃት ወራት በሰከንድ 4.8 ሜትር ኩብ፣ በብርድ ወራት ከዚያ ያነሰ። ከ60 ዓመት በላይ የደረቀው ሸለቆ እንደገና ውኃ አየ። ግን ቀጭን ነው፤ የበረዶው መቅለጥ ሲመጣ አያድግም። ጎርፍ ያነሰበት ጠጠር ላይ ቁጥቋጦና ጥድ እየገባ ነው።

የቫልኸንዜ ማመንጫ የውኃ ፈቃድ በ2030 ያበቃል። ፈቃዱ ሲታደስ ምን ያህል ውኃ ለኢዛር እንደሚቀር መወሰን አለበት። የአካባቢ ማኅበራት ከአሁኑ እየተከራከሩ ነው። ማመንጫው ይቁም የሚለው አይዋጥልኝም። ከሰልና ጋዝ ለመተው በሚታገል አገር ውስጥ በአንድ ቁልፍ ተነስቶ የሚያመነጭ የውኃ ኃይል ውድ ነው። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። የሚለቀቀው ውኃ ከወቅቱ ጋር ይጨምር፣ ይቀንስ። በሚያዝያና በግንቦት ወንዙ ከፍ ይበል። ጎርፍ ሲመጣ የጠለፋ ግድቡ በጊዜ ተከፍቶ ውኃውም ጠጠሩም አብረው ይውረዱ። ይህ ማመንጫውን በዓመት ጥቂት ሳምንታት ገቢ ያሳጣዋል። ሙኒክ ላይ የማመንጫው ባለቤት ከ5 ወደ 12 ሲወጣ ተመሳሳይ ነገር አጥቷል፤ ከተማዋም መብራቷ አልጠፋም። ላይኛው ሸለቆ እንደ ሙኒክ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዋናተኛ ስለሌለው ብቻ ያነሰ ሊሰጠው አይገባም።